በፍልሰታ የተቆረጠ ትኬት

በፍልሰታ ጾም ጫጉላ የወጣ ሰው ታውቃላችሁ? እኛ ወጥተናል። ያውም ከተጋባን ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ያውም ከቶሮንቶ ግሪክ አገር ድረስ፣ ያውም የሻንጣው ግማሽ በሶና ሽሮ ሆኖ። ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ አሁን አሁን እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። ያኔ ባሌን ትቼ ለመውጣት ቤት ለመከራየት አመልክቼ ነበር፤ ለእሱ ግን ገና አልነገርኩትም።

ዘመኑ በፈረንጅ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። የምንኖረው ክሬሰንት ታውን፣ አስራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ባሌ የማታ ታክሲ ይነዳል፤ ከአመሻሹ አስራ አንድ ሰዓት ይወጣና ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለ የግሪኮች ዳቦ ቤት እገባለሁ፤ ከዚያ በሰብዌይ ወደ ኖርዝ ዮርክ ወጥቼ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ቤቴ የምገባው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። እሁድ ለታክሲ ጥሩ ገበያ ነው ብሎ ይሠራል። ሰኞ እሱ ሲያርፍ እኔ ሥራ ነኝ። አንዳንዴ እሱ ዘግይቶ እኔ ቀድሜ ኤለቬተሩ በር ላይ እንገናኛለን። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» በሩ ይዘጋል።

የቀረውን የምናወራው በፍሪጅ ነው። ፍሪጁ ላይ ወረቀት በማግኔት ይለጥፍልኛል፣ እኔም እለጥፍለታለሁ። እሱ አገር ቤት ሳለ መዝገብ ቤት ይሠራ ስለነበር ወረቀቱ ሁሉ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ቀን፣ ያውም በእኛ አቆጣጠር። ከሥር ፊርማ። «ግንቦት 11። ወተት አልቋል። ሬንት ከፍያለሁ። እህትሽ ደውላ ነበር፤ ሁሉም ደህና ናቸው።» ከዚያ ፊርማ። በስመአብ! ለሚስቱ የሚፈርም ባል አይታችኋል? አንብቤ ስጨርስ ደግሞ ከሥሩ «ደርሶኛል» ብዬ እንድጽፍበት ይፈልጋል፤ አለዚያ መድረሱን በምን አውቃለሁ ይላል። ያለቀለትን ወረቀት እንኳ አይጥልም፤ በጫማ ካርቶን ውስጥ በተራ አስሮ ያስቀምጣል። እኔ በእልህ አንድም ቀን «ደርሶኛል» ብዬ ጽፌለት አላውቅም።

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል ወጥቶ የመጣ ሰው ነው። ቤተሰብ ከቤተሰብ ተነጋግሮ ፎቶ ተለዋወጥን፤ ናይሮቢ ድረስ መጥቶ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አግብቶኝ ተመለሰ። የእኔ የመግቢያ ወረቀት ተሟልቶ ቶሮንቶ የገባሁት በፌብሩዋሪ ብርድ ነው። ከኤርፖርት አመጣኝ፣ ውሃው የትኛው ሙቅ የትኛው ቀዝቃዛ እንደሆነ አሳየኝ፣ ማታውኑ ሥራ ገባ። ጫጉላችን ይቺው ናት።

ልቤ የቆረጠው በአንድ ትኩሳት ነው። በበረዶው ወራት መሀል ኃይለኛ ጉንፋን ጣለኝ። እየተንገዳገድኩ ተነስቼ «አሞኛል» ብዬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩና ተመልሼ ተኛሁ። ስነቃ አልጋዬ አጠገብ መድኃኒት፣ ሎሚ፣ በቴርሞስ ሻይ ተቀምጧል። ወረቀትም አለ፤ ቀን፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ ፊርማ። እሱ የለም። መድኃኒቱ ጥሩ ነበር። እኔ የፈለግሁት ግን ሰው ነበር። ያን ቀን ግድግዳውን እያየሁ አለቀስኩና፣ ብቻዬን መኖሬ ካልቀረ ብቻዬን ልኑር አልኩ።

በሰኔ ከከተማው ምሥራቅ፣ ስካርቦሮ ውስጥ አንዲት ባለ አንድ ክፍል አፓርትመንት አገኘሁ። አውቶቡስ በሯ ላይ ይቆማል። አፕሊኬሽን ሞላሁ፤ ስልክ ሲሉኝ የቤቱን ስልክ ሰጠሁ። ከተፈቀደልኝ ሴፕቴምበር አንድ እገባለሁ። ለባሌ እንዴት እንደምነግረው ግን አላወቅሁም። እንዲህ ያለ ነገር ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል? እኔ ቁጡ ነኝ እንጂ ጨካኝ አይደለሁም። ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ልነግረው ፈለግሁ፤ ፊቱን ግን ከየት አባቴ ላምጣ?

በጁላይ መጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ባሌ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየሁት። መተኛት ያለበት ሰዓት ነው። ጺሙን አልተላጨም፤ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎታል። ሰው የሞተ መሰለኝ፤ እጄ ከነዱቄቱ ደረቴ ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ግሪክ አገር ልንሄድ ነው። አስር ቀን።» ከኪሱ ፖስታ አወጣ። «ሁለት ሰዎች ካንስል አድርገው ነው፤ በግማሽ ዋጋ ነው ያገኘሁት።»

«መቼ?»

«ኦገስት አስር።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ኦገስት አስር ማለት ነሐሴ አራት። መመለሻው ነሐሴ አስራ አራት። በቃ ደሜ ፈላ። «ፍልሰታ!» ብዬ ጮህኩ። ዳቦ ሊገዛ የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ሕፃን የሚጾማትን፣ ባልና ሚስት አልጋ የሚለይባትን ጾም መርጠህ ነው ሚስትህን ጫጉላ የምትወስድ? የመዝገብ ቤት ሰው ሆነህ ቀን አታይም?»

«ርካሽ ነበር» አለ፤ ጫማውን እያየ።

«መልሰዋ!»

«አይመለስም። ነን ሪፈንደብል ነው።»

ለመቅረት ወስኜ ነበር፤ ማታ ግን ተኝቼ ሳስበው አስር ቀን ፊት ለፊት እንሆናለን። ሺፍት የለም፣ ፍሪጅ የለም። ቁጭ ብዬ እንደ ሰው እነግረዋለሁ። ጾሙም ቢሆን አልጋ ለመለየት ሰበብ ይሆነኛል፤ ይህን ያሰብኩት አፍሬ ነው፣ ግን አስቤዋለሁ። ከምንሄድባት ደሴት ሳንወጣ ልነግረው ለራሴ ማልኩ።

ዝግጅታችን ዝግጅት አይባልም። ሆቴል ቡክ እናድርግ ስለው «ሰው ባለበት ቤት አይጠፋም» አለኝ። እኔ ደግሞ ምግብ እዚያ እሳት ነው ብዬ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ አንዲት ድስት ሳይቀር አሸከምኩት። ጾመኛ ምን ይበላል ብለሽ ነው አትበሉኝ፤ ሁለት ጾመኛ አስር ቀን ሲበላ ሻንጣ ይሞላል። አቴንስ ላይ ፈታሹ ሽሮዬን ከፍቶ አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ፤ ከዚያ አስነጠሰና እለፉ አለን።

መርከቡ ላይ ባሕሩ አንጀቴን ገለበጠው። ባሌ ግንባሬን ይዞ፣ ያስመለሰኝን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመ። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ «አንተና ትኬትህ!» አልኩት። «አዎ፣ እኔና ትኬቴ» አለ። ግንባሬን አልለቀቀም።

ስንደርስ ነሐሴ ስድስት ነው። ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ነጭ ቤት፣ ድንጋይ፣ ጠባብ ደረጃ። ወደቡ ላይ ክፍል እናከራያለን ብለው ሰው የሚጠሩ ሴቶች ይኖራሉ ተብለን ነበር። አንድም የለም። በር አንኳኳን፤ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሰብቀው ሙሉ ነው ይሉናል። ሌላ በር፤ ሙሉ ነው። ሦስተኛ፣ ዘጠነኛ፤ ሙሉ ነው። በኋላ ነው የገባን። ለእኛ የእመቤታችን በዓል ገና አስር ቀን ቀርቶታል። ለእነሱ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ የእነሱ ፍልሰታ ነሐሴ ዘጠኝ ላይ ትፈታለች። አቴንስ ያለ ዘመድ ሁሉ ለበዓል ተጠራርቶ መጥቷል። እኔ ደግሞ ዓመታት የግሪክ ዳቦ እየጋገርኩ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ለእሱ ግን አላመንኩለትም።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አንቀምስም፤ ድስቱ ሻንጣ ውስጥ ይንኳኳል። አንድ ደረጃ ላይ ስንደርስ ቁጭ አልኩና ያለ የሌለኝን ስድብ አወረድኩበት። ቡክ አለማድረጉን፣ ፍልሰታውን፣ ታክሲውን፣ ፊርማውን፣ ሁሉንም። ስጨርስ «ውሃ ልስጥሽ?» አለኝ። ጨጓራዬን ላጠው እኮ!

ጩኸቴን የሰሙ አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከላይ ከሰገነታቸው አዩን። ወረዱና ፊት ለፊቴ ቆሙ፤ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በጣታቸው አንስተው መስቀሉን አዩት። «ኦርቶዶክስ?» አሉ። ባሌ ቀና ብሎ አማተበ። እኔ ከዳቦ ቤቱ የለቀምኳትን ግሪክኛ አወጣሁ፤ ጾመኛ ዳቦ ሲሸጡ የሚሏት ቃል አለች። «ኒስቲያ» አልኳቸው፤ ጾም ላይ ነን ለማለት። አሮጊቷ ደረታቸውን መቱ። ሻንጣዬን ራሳቸው ይዘው ወጡ። ፎቁ ላይ ያለው ክፍል የልጃቸው ነበር፤ በዚያ ዓመት አልመጣላቸውም።

በመካከላችን «እማማ» ነበር የምንላቸው። ቋንቋ የለንም፤ እሳቸው ግን ዝም ብለው በግሪክኛ ያወሩናል፣ እኛ በአማርኛ እንመልሳለን፤ ደህና እንግባባለን። ታች ባለው ምድጃቸው ሽሮ ሠራሁላቸው። ሲቀምሱ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በርበሬው ነው። እሳቸው ደግሞ በዘይት የተቀቀለ ጎመንና ባቄላ ያመጡልናል። ወጪያችን የክፍሉና የዳቦ ብቻ ሆነ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት የብረት አልጋዎች አሉ። ስንገባ ተጠጋግተው በአንድ አንሶላ ተነጥፈው ነበር። ባሌ ያዝ አደረገና አንዱን ወደ ግድግዳው ጎተተ፤ ብረቱ የሸክላው ወለል ላይ ሲፋተግ ድምፁ ጆሮ ይበሳል። በማግስቱ ከባሕር ስንመለስ አልጋዎቹ ገጥመዋል፤ እማማ ናቸው። ባሌ እንደገና ጎተተ፤ ኪርርርር። በማግስቱ ገጥመዋል። ኪርርርር። ታች ሆነው ይሰማሉ። ጠዋት ጠዋት እኔን አይተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ባሌን ሲያዩ ደግሞ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ጾሙን ያውቃሉ፤ ደረጃው ላይ የጮህኩትንም ሰምተዋል። የትኛው እንደሚያለያየን በደንብ የገመቱ ይመስለኛል።

ቀኑን ባሕር ዳር ነን። ባሌ ውሃ ይፈራል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ሲደርስ ቆም ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሶ በስኳርና በውሃ እንበጠብጣለን፤ ራቁታቸውን የተጋደሙት ፈረንጆች ቀና ብለው ያዩናል። «መድኃኒት ነው በያቸው» ይለኛል።

እዚያ ነው አንድ ነገር ያወቅሁት። ለካ ባሌ ቀልደኛ ነው! አምስት ዓመት ተጋብተን ይህን አላውቅም ነበር። የታክሲ ተሳፋሪዎቹን እያስመሰለ ያወራል። ከውሻዋ ጋር ተኳርፋ ውሻውን ከፊት እሷ ከኋላ የተቀመጠችዋን፣ ሰርጉ ቀርቶበት ከነሱፉ እስከ ሐይቁ ድረስ ንዳኝ ያለውን። ድምፃቸውን፣ አካሄዳቸውን፣ ሁሉን ያመጣዋል። ሆዴን ይዤ አሸዋው ላይ እንከባለላለሁ። ከዚያ ሳቄ ሲያልቅ ስካርቦሮ ትዝ ትለኛለች። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ወጥቼ ሳልነግረው እመለሳለሁ። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፤ ሰው ስላሳቀሽ ነው ሐሳብሽን የምትለውጪው? አንቺም ሰው ሆነሽ! የምመለሰው ወደዚህ ሰውዬ አይደለም፤ የምመለሰው ወደ ፍሪጁ ነው።

ነሐሴ ዘጠኝ የእነሱ በዓል ሆነ። ደወሉ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ አላቆመም። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ መንደሩ በሙሉ የበግ ጥብስ ሸተተ። እማማ ትልቅ ሳህን ይዘው ወጡ፤ ጥብስ፣ አይብ፣ እንቁላል። እኛ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን እምቢ አልን። «ኒስቲያ» አልኳቸው።

«ኒስቲያ አልቋል!» ብለው እጃቸውን አራገፉ።

«የእኛ አላለቀም፤ ሰባት ቀን ይቀረዋል» አለ ባሌ፤ ሰባት ጣት አሳያቸው።

እማማ በጣም ተቆጡ። ወርደው ቄሱን ጠርተው መጡ። ቄሱ እንግሊዝኛ ትንሽ ይችላሉ። ባሌ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ፣ መዝገብ ቤት ነው እንግዲህ፣ የእኛን ወርና የእነሱን ወር ጎን ለጎን አሰልፎ፣ በእስክሪብቶ እያሰመረ አስረዳቸው። ቄሱ ጺማቸውን እየዳበሱ አይተው አይተው ሳቁ፤ ለእማማ አንድ ነገር ተናገሩና ባሌን ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ። እማማ ሳህኑን መልሰው ወሰዱት። ማታ ጎመን አመጡልን፤ ኩርፊያቸው ግን አልለቀቃቸውም። መንደሩ ሁሉ ሲበላና ሲጨፍር እኛ ሰገነቱ ላይ ጎመናችንን ይዘን ቁጭ አልን። ባሌ «ትኬት ከእኔ ግዙ» አለ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ነሐሴ አስራ ሁለት የመጨረሻ ቀናችን ነበር። በማግስቱ መርከብ አለን። ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ተቀመጥን፤ እሱ ሱሪውን ጠቅልሏል። ከዚህ በላይ መሸሻ የለኝም።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አልኩት።

«ቆይ» አለ። ከኋላ ኪሱ ቦርሳውን አወጣ፤ ከቦርሳው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሰጠኝ። «መልእክት አለሽ። ሳላደርስልሽ ቆይቻለሁ።»

ዘረጋሁት። የፍሪጅ ወረቀት ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ቀን አለበት።

«ሐምሌ 21። ከስካርቦሮ የአፓርትመንት ቢሮ ስልክ ተደውሎ ነበር። ማመልከቻሽ ተቀባይነት አግኝቷል። ሴፕቴምበር አንድ ቁልፍ መውሰድ ትችያለሽ። የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን እንድታረጋግጪ ብለዋል።» ከሥር ፊርማ።

የቤቱን ስልክ ስሰጥ፣ ቀን ቀን ቤት ተኝቶ የሚውለው እሱ መሆኑን እንዴት ረሳሁት? ስልኩን ከእንቅልፉ ተነስቶ አንስቶ፣ ለሚስቱ የተፈቀደውን ቤት በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በአማርኛ ጽፎ፣ ፈርሞ። ከዚያ ቀኑን ደግሜ አየሁት። ሐምሌ ሃያ አንድ። ጁላይ ሃያ ስምንት። ትኬቱ የተቆረጠበት ቀን ነው። ጺሙን ሳይላጭ፣ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ ዳቦ ቤት የመጣበት ቀን።

«ፍልሰታ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ነሐሴ አራት ፍልሰታ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?» አለ። «ሌላ ቀን ጠይቄያለሁ። ከሴፕቴምበር በፊት የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

አቤት፣ ስንት ሰደብኩት! ደንበኛ ፊት፣ አውሮፕላን ላይ፣ መርከብ ላይ፣ ደረጃው ላይ። «ታዲያ ምን አፍህን ለጎመው?» ብዬ ጮህኩበት፤ እንባዬ እየወረደ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሰድብህ ዝም ትላለህ?»

«እየሰደብሽኝም ቢሆን እያወራሽኝ ነበር።»

ትከሻውን በጡጫ መታሁት። ደግሜ መታሁት። «ለምን አልጠየቅከኝም? ለምን አትሂጂ አላልከኝም?»

«ምን ላይ ልበልሽ? ፍሪጁ ላይ?» አለ። ከዚያ ወደ ውሃው ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ «እንድትሄጂ አልፈልግም። ይኸው አልኩሽ። መልእክቱ ግን የአንቺ ነው፤ ለአንቺ ሳላደርስ መያዝ አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ።

አንጀቴን በላው። አለቀስኩ፤ እሱም ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። በትኩሳቴ ቀን የሆንኩትን ነገርኩት፤ መድኃኒቱ ጥሩ እንደነበር፣ የፈለግሁት ግን እሱን እንደነበር። ያን ቀን አንድ ሰዓት ያህል አልጋዬ አጠገብ ቆሞ እንዳየኝና ካልቀሰቀስኳት ይሻላታል ብሎ እንደወጣ ነገረኝ። ይህን ፍሪጁ ላይ አልጻፈውም ነበር። ትሄጃለሽ፣ አትሄጂም፣ እወጣለሁ፣ አልወጣም አልተባባልንም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥንና ተነሳን።

ክፍላችን ስንገባ አልጋዎቹ ገጥመው በአንድ አንሶላ ተነጥፈዋል። እማማ አልደከሙም። ባሌ ጎንበስ ብሎ የአልጋውን ብረት ያዘ።

«ተወው» አልኩት።

«ጾም ነው እኮ።»

«እጅ መያዝ አያስገድፍም።»

እንደ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘን ጋደም አልን። ታች እማማ ያን ኪርርታ ሲጠብቁ ይታየኛል። አልመጣላቸውም።

ጠዋት ሻንጣ ይዘን ስንወርድ እማማ ደረጃው ሥር ቆመዋል። እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ በእነሱ ደንብ ከቀኝ ወደ ግራ አማተቡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ደረቅ አይብ እጄ ላይ አኖሩና ሦስት ጣታቸውን አሳዩኝ። የቀረውን ቀን ቆጥረው ይዘውታል። ጉንጬን ሳሙኝ፤ ባሌንም፣ ያን ሁሉ ቀን ከንፈራቸውን የመጠጡበትን፣ ጎትተው ሳሙት።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን ገነት ሆነ አልልም። ወደ ቀን ሺፍት ለመቀየር ስምንት ወር ፈጅቶበታል፤ እኔም የቢሮ ጽዳቱን የተውኩት ቆይቼ ነው። ዛሬም ቢሆን አንድ ነገር ሲያናድደኝ ጩኸቴን አስራ ሰባቱም ፎቅ ይሰማዋል። ነሐሴ አስራ ስድስት ግን ሁለታችንም ሥራ አልገባንም። ከቅዳሴ መልስ የእማማን አይብ ቆርሰን ፈሰክን። ጨው በዝቶበታል፤ ሁለታችንም ጥሩ ነው አልን።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ እሱ ከታክሲው ሳይመለስ፣ ለሥራ ልወጣ ስል ያቺን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ማግኔቱን አንስቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኳት። ከፊርማው ሥር ቀኑን ጻፍኩ፤ ነሐሴ 17። ከዚያ «ደርሶኛል። ቁልፉን ለሌላ ሰው ይስጡት እላቸዋለሁ» አልኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባሌ ፈረምኩለት።

ማታ ስመለስ ፍሪጁ ላይ የለችም። የጫማ ካርቶኑን ከፈትኩ። ከሁሉም በላይ ተቀምጣለች፤ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎባታል፦ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።» ከሥር ፊርማ።